ምንም ሳይጫን

አክስቷ «ሸረሪት» የሚል ስም ያወጣችላት ሥራ በያዘች ሰሞን ነው። «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብላ ጠየቀቻት፤ ልጅቷም «ድረ ገጽ» ብላ መለሰች። አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ትንሽ አሰበችና፣ «ድር ማድራትማ የሸረሪት ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የላክሁሽ ለዚህ ነው?» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጅቷን የመዝገብ ስም የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። ሰፈሩም ሸረሪት፣ መሥሪያ ቤቱም ሸረሪት። እሷ ራሷ ብትሆን በዋናው ስሟ ሲጠሯት ወዲያው አትዞርም።

ሸረሪት የምትሠራው ግን እንዲያው ተራ ድረ ገጽ አልነበረም። ሙያዋ ጠፍጣፋውን ስክሪን ጥልቀት ያለው ማስመሰል ነው። ጫማ ሻጩ ጫማውን ገጹ ላይ ሲያወጣ፣ ገዢው በጣቱ እያዟዟረ ተረከዙንም ሶሉንም እንዲያይ ታደርጋለች። ወንበር ሻጩ ወንበሩን ሲያወጣ፣ ገዢው ከኋላው ዞሮ የተደበቀ ቀዳዳ እንዳለ እንዲሰልል ታደርጋለች። ዱሮ እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ተጨማሪ ፕሮግራም ያስፈልግ ነበር። «ይህን ለማየት እባክዎ ይህን ይጫኑ» የሚል ሳጥን ይመጣል፤ ሰውየው ይጭናል፤ ኮምፒውተሩ ያቃስታል፣ ይቆማል፤ ሰውየውም እየተራገመ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። አሁን ግን ድረ ገጽ የሚከፈትበት ፕሮግራም፣ ብሮውዘሩ ራሱ፣ ዐዋቂ ሆኗል። ይህን ገጽታ ይህን ያህል አዙረው፣ ያኛውን ወደ ኋላ ግፋው፣ በዚህ በኩል ጥላ ጣልበት ብለው በኮድ ከነገሩት እሺ ይላል። ሸረሪት በዚህ ትኮራለች። ደንበኛ ሲመጣ ከዋጋም ከጊዜም በፊት የምትናገረው «ምንም ሳይጫን ይከፈታል» የሚለውን ነበር።

ይህን አባባል ያመጣችው ከቤቷ ነው። አክስቷ መጫን የሚባል ነገር አትወድም። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛዋ «ስልክሽን ላሳምርልሽ» ብላ የማይታወቅ ነገር ጫነችበትና፣ ስልኩ በለቅሶ ቤት መካከል ስለ ሳሙና ይዘፍን ጀመር። ሟቹ ሳይቀር የሰማ ይመስል ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ «ይጫን?» ብሎ በጠየቃት ቁጥር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትመልስለታለች። «አህያ መስዬሃለሁ? ቦታ የለኝም!» እውነትም ስልኩ ቦታ የለውም፤ በደንበኞች ቀሚስ ፎቶ ጢም ብሏል።

«ቦታ የለኝም» የምትለው ግን ለስልኩ ብቻ አይደለም። ሸረሪት እናቷ ስትሞት የወተት ጥርሷ ገና መነቃነቅ የጀመረ ልጅ ነበረች። አክስቷ ከቀብር የተመለሰችው በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በአንድ እጇ ልጅ ይዛ ነው። ያኔ አላገባችም ነበር፤ ከዚያም አላገባችም። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ነው፤ «አሳድጌሽ!» ብሎ የማይናገር ግን በጣት ይቆጠራል። ይህች ሴት ተናዳ እንኳ፣ ሳህን ተሰብሮባት እንኳ፣ ይህን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። ዘመድ መጥቶ «አንቺ ልጅ፣ የአክስትሽን ውለታ እንዳትረሺ!» ያለ እንደሆነም ትቆጣለች። «ልጄ ላይ ውለታ አትጫኑብኝ፤ የደብተር ቦርሳዋ ይበቃታል» ትላለች። ሸረሪት ካደገች በኋላ ደግሞ፣ «እቴቴ፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ...» ብላ ስትጀምር አክስቷ ከአፏ ትነጥቃታለች። «አትጫኚብኝ፣ ቦታ የለኝም። ይልቅ ክሩን ከመርፌው አስገቢልኝ።» ሸረሪትም ክሩን ታስገባለች። ምስጋናው እንዲሁ ሳይነገር ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ክረምት የአክስቷ ግራ ዓይን ብርሃን ጠፋ። ሐኪሞች ያልሞከሩት የለም፤ እምቢ አለ። ስለ ዓይኗ ብዙም አላለቀሰችም፤ «እግዜር ሁለት የሰጠን አንዱ ቢጠፋ ብሎ ነው» አለች። ያስለቀሳት ሌላ ነው። ዓለም ወረቀት ሆነባት። ቅርቡና ሩቁ አንድ ላይ ተለጥፎ ታያት። ሻይ ስትቀዳ ከስኒው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ትቀዳለች። የበር እጀታ ልትይዝ ብላ አየር ትጨብጣለች። ሰው ሰላም ስትል እጇን ዘርግታ የሰውየውን የሸሚዝ ቁልፍ ትነካካለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደረጃው ነበር።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የስፌት ቤቷ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት። ዕድሜዋን ሙሉ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ እያንጎራጎረች የወረደችው ደረጃ ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ከዳት። አለቀ ብላ ስትራመድ ለካ አንድ ቀርቶ ኖሯል። በክንዷ ወደቀች። አጥንቷ ተረፈ፤ ልቧ ግን ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ከበሩ ትወጣለች፣ የደረጃውን ብረት ትጨብጣለች፣ ወደ ታች ታያለች፣ ትመለሳለች። ሸረሪት «ደግፌ ላውርድሽ» ስትላት እሳት ትለብሳለች። «ዛሬ ትደግፊኛለሽ፤ ነገ ሥራሽን ትተሽ በር ላይ ትጠብቂኛለሽ፤ ከነገ ወዲያ ባል እንኳ ለማግባት እኔን ታስፈቅጃለሽ። አልፈልግም!» ከዘራም ገዝታላት ነበር፤ «ሽማግሌ ነው ከዘራ የሚይዝ» ብላ ጃንጥላ መስቀያው ላይ አንጠለጠለችው።

አንድ ቀን ጠዋት የስፌት ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በቀይ የሱፍ ክር የታሰረ አሮጌ ቁልፍ ነው። «ወሩ ሲያልቅ ለባለ ሕንፃው መልሺልኝ» አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። ሸረሪት «እሺ» ብላ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እሺ ማለት አይከብድም፤ የሚከብደው ማድረጉ ነው። ያቺ ስፌት ቤት ከተዘጋች አክስቷ ምን እንደምትሆን ልጅቷ አሳምራ ታውቃለች። መስኮት ላይ ተቀምጣ የመንገደኛውን ልብስ ስትተች፣ «ይህን እጅጌ ማን ነው የሰፋው?» እያለች ለማንም ስትናገር፣ ቀስ በቀስ ዝም ትላለች። ሸረሪት የፈራችው ያንን ዝምታ ነው።

ደግሞ ተስፋ አልነበረም ማለት አይደለም። የዓይን ሐኪሟ ስታሰናብታቸው እንዲህ ብላ ነበር፦ «አንጎል ብልህ ነው፤ በአንድ ዓይንም ርቀትን ይለምዳል። ጊዜ ይስጡት። ደግሞ ራስዎን ያንቀሳቅሱ፤ ይህን አይርሱብኝ።» ሁለቱም በአራት ጆሯቸው ሰምተዋል። አክስቷ ከሐኪም ትእዛዝ ውልፍት አትልም፤ በማግሥቱ ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፍታ ስፖርት ጀመረች። እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን፣ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። ከሥራቸው የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር የጣሪያቸው መብራት ሲወዛወዝ እያዩ ዝም አሉ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ሸረሪት «እቴቴ፣ አይበቃሽም?» ስትላት፣ «ራስሽን አንቀሳቅሺ ተብያለሁ» ትላለች እያለከለከች። ጉልበቷ በረታ፣ ወገቧ ተፍታታ። ሻዩ ግን አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው የሚቀዳው።

ወሩ እየገሰገሰ ሳለ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሸረሪት ቢሮዋ ሆና የጫማ ሱቅ ገጽ ትሠራ ነበር። ስክሪኑ መካከል ቡናማ ጫማ ቆሟል፤ ማውሱን ስትጎትት ይዞራል። ሐሳቧ ግን ቤት ነው። «እስቲ እቴቴ ብታየው ምን ይመስላት ይሆን?» ብላ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ጫማው እንዳለ ነው። አዞረችው፤ ተረከዙ ወደ ፊት መጣ፣ አፍንጫው ወደ ኋላ ሄደ። እጇን ቀይራ ቀኝ ዓይኗን ሸፈነች። ያው ነው፤ ከጥልቀቱ ምንም አልጎደለም። ግራ ገባት። ዓይኗን እንደሸፈነች የእስክሪብቶዋን ክዳን አነሣችና ልትከድን ሞከረች፤ ሳተችው። ደገመችና ጣቷን ቀለም ቀባች።

ፊት ለፊቷ የሚቀመጡት፣ የገጾቹን ቀለም የሚመርጡት ባለሙያ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ሸረሪት፣ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ጋሼ፣ እስክሪብቶው በአንድ ዓይን እምቢ አለኝ። ጫማው ግን በአንድ ዓይንም ያው ነው!»

«ታዲያስ? ስክሪን ጠፍጣፋ አይደል እንዴ። ለሁለቱም ዓይንሽ የሚሰጠው አንድ ሥዕል ነው። እሱ ፊት ሁላችንም አንድ ዓይና ነን» አሉና ወደ ቀለማቸው ተመለሱ፤ እሳቸው ቁም ነገር የተናገሩ አልመሰላቸውም።

ሸረሪት ግን እጇ ዓይኗ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የሠራችው ለአንድ ዓይን ነው! የራቀውን ስታሳንስ፣ የፊተኛውን በኋለኛው ላይ ስትደርብ፣ ከሥሩ ጥላ ስትጥል፣ ሲዞር የቀረበው እንዲፈጥን የራቀው እንዲዘገይ ስታደርግ፣ ይህ ሁሉ አንድ ዓይን ብቻውን ቅርብና ሩቅ የሚለይበት መላ ነበር። አክስቷ አጣሁት ብላ ያዘነችበት ጥልቀት በአንድ ዓይን እንዴት እንደሚታይ፣ ልጅቷ ደመወዝ እየተከፈላት ስትማር ኖራለች። ለዚህ ሙያ አሳድጋ ያበቃቻት ደግሞ ማን ሆነችና! ደስታም እንባም አንድ ላይ መጣባት፤ ጋሼ እንዳያዩዋት ወደ መስኮቱ ዞረች።

የዚያኑ ዕለት ማምሻ የአክስቷን ሜትር አንሥታ ደረጃውን ለካች፤ ስፋቱን፣ ከፍታውን፣ የተሰነጠቀውን ሰድል ሳይቀር በፎቶ አነሣች። ከዚያ መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያው ሙከራ ደረጃውን ጣሪያ ላይ በጀርባው አንጠለጠለው። በብሮውዘር ዓለም ቁጥር ሲጨምር የሚኬደው ወደ ታች ነው፤ የሙያው ሀሁ ነው፣ ግን ሰው ሲቸኩል ሀሁንም ይረሳል። አቀናችው። ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን በአንድ ጎን ለቀቀችበት፤ ከያንዳንዱ ደረጃ ሥር ጥላ አኖረች። ስልኩን ዘንበል ሲያደርጉት ሥዕሉ አብሮ ዘንበል ይላል፤ አንድ ሰው ቆሞ እንደሚያየው።

«ስልክሽን ክፈቺ» አለቻት አክስቷን።

«ልትጭኚብኝ ነው?»

«ምንም አይጫንም። መልእክት ልኬልሻለሁ፤ ሰማያዊውን ጽሑፍ ንኪው፣ ይከፈታል።»

«ቦታስ?»

«የአንድ ቀሚስ ፎቶ ያህል እንኳ አይወስድም።»

አክስቷ እየተጠራጠረች ነካችው። በተሰነጠቀው የስልኩ መስታወት ሥር ደረጃው ብቅ አለ። «ውይ! ደረጃችን! ሰድሉ ሳይቀር!» አለች። ዘንበል አደረገችው፤ ደረጃው ዞር አለላት። ሳቀች። ሸረሪት «የቱ ነው ቅርቡ? ከሱ ቀጥሎስ?» እያለች ጠየቀቻት፤ አክስቷ በጣቷ እየነካች አንዱንም ሳትስት መለሰች። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኩ ውስጥ ያለውን ደረጃ ስትወጣ ሰነበተች። በመጨረሻ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የሥራ ጫማዋን አደረገችና ከበሩ ወጣች። ብረቱን ጨበጠች። ወደ ታች አየች። ቆየች። ሸረሪት ከኋላዋ ቆማለች። አክስቷ ዞራ አለፈቻትና ገብታ ጫማዋን አወለቀች።

«እቴቴ፣ ስልኩ ላይ እኮ ሁሉንም አገኘሽው!»

«የስልኩ ደረጃ አጥንት አይሰብርም።» ጫማዋን ወደ ጥግ እየገፋች ጨመረች። «ደግሞ አንቺ የሠራሽልኝ መውጫውን ነው። መውጣቱን ማን ፈራ?»

እውነት ነው። ደረጃውን ከታች ወደ ላይ አድርጋ ነው የሠራችው፤ እንደዚያ ስለሚያምር። ከታች ሲያዩት የያንዳንዱ ደረጃ ፊት ይታያል፣ ጥላው ይታያል፣ ደንበኛ ይወደዋል። የለመደችው ለደንበኛ ማሳመር ነው፤ እጇ በልማዱ ሄደ። አክስቷ ደግሞ ማማሩን አልጠየቀችም።

በማግሥቱ የእረፍት ቀን ነበር። ላፕቶፗንና ማውሷን ይዛ ከደረጃው አናት ላይ ተቀመጠችና ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች እንዲታይ ገለበጠችው። ያየችው አስደነገጣት። የደረጃዎቹ ፊት ሁሉ ተደበቀ፤ የቀረው የሚረገጠው ሰድል ብቻ ነው፤ ሁሉም አንድ ቀለም፣ አንዱ ካንዱ ጋር ተጣብቆ። ደረጃ አይባልም፤ መሬት ላይ የተዘረጋ ባለ መስመር ጨርቅ ነው። የቱ እንደሚቀርብ፣ የቱ እንደሚርቅ፣ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። «እቴቴ በየቀኑ የምታየው ይህንን ነው?» አለች ለራሷ። እስከዚያ ቀን አክስቷ ግትር መስላት ነበር። እግሯን እዚህ ጨርቅ ላይ ለመጣል የደፈረች ሴት ግትር ሳትሆን ጀግና ናት። ሸረሪት በራሷ አፈረችና አለቀሰች።

እንባዋን ስትጠርግ ክንዷ ማውሱን ነካው። ሥዕሉ ወዲያና ወዲህ አለ፤ ጨርቁም ድንገት ደረጃ ሆነ። የቀረበው ሰድል ብዙ ተንሸራተተ፣ ቀጣዩ ጥቂት፣ የመጨረሻው ጭራሽ ያለ አይመስልም። አቆመችው፤ ጨርቅ። አንቀሳቀሰችው፤ ደረጃ። ደግማ ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ ላፕቶፑን አስቀምጣ ተነሣችና ወደ እውነተኛው ደረጃ ዞረች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ዝም ብላ ቆመች፤ ጨርቅ ነው። ደረጃውን ማንቀሳቀስ አይቻልም። እንግዲህ የሚንቀሳቀሰው ማነው? ጭንቅላቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረገች። ደረጃ!

«ራስ!» ብላ ጮኸች። «ራስ ነው እኮ!»

ከታች የጡረተኛው መምህር በር ተከፈተ። «የማን ራስ?» አሉ ደንግጠው። ሸረሪት የምትመልስበት ጊዜ አልነበራትም፤ ቤት ገብታለች።

አክስቷ ሳሎኑ መካከል ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ቁጭ ልትል ስትል ነበር።

«እቴቴ፣ ተዪው! ሐኪሟ ራስዎን ያንቀሳቅሱ ያለችሽ ጭንቅላትሽን ነው!»

«ምኔን?»

«ጭንቅላትሽን! ስታዪ ጭንቅላትሽን ወዲያና ወዲህ አድርጊ ማለቷ ነው። ስፖርት ሥሪ መቼ አለችሽ?»

የአክስቷ እጅ እንደተሰቀለ ቀረ። አማርኛ እንዲህ ነው፤ ራስ ሲሉት አንዴ አናት ነው፣ አንዴ ሰውየው እስከነነፍሱ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ክፍል ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሰምተው፣ አንድ ዓይነት ስሕተት ተሳስተዋል። «እና ይህን ሁሉ ጠዋት ቁጭ ብድግ ያልኩት...» አለች አክስቷ፤ አልጨረሰችውም። ሳቅ ቀደማት። ሸረሪትም ተከተለቻት። ሶፋው ሩቅ ነበርና መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ፤ አንዷ ዝም ስትል ሌላዋ «ቁጭ ብድግ!» ትላለች፣ እንደገና ይጀመራል። ያ ቤት እንዲያ ከሳቀ ቆይቶ ነበር።

«ጭንቅላት ብትል ምን ነበረበት?» አለች አክስቷ ዓይኗን እየጠረገች።

«አክብራሽ ነዋ። እርስዎ ለሚባል ሰው ጭንቅላትዎን አይባልም።»

«መከበር ወገቤን አሳመመኝ!»

አዲሱ ገጽ በዚያው ቀን ተላከላት። መውረጃው ነው። ስልኩ ዝም ሲል ጨርቅ፣ ዘንበል ሲል ደረጃ። ሸረሪት ከያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ጨመረችበት። አክስቷ ስልኩን ዓይኗ አጠገብ ይዛ፣ ስልኩንም ጭንቅላቷንም እያወዛወዘች ስትለማመድ ሰነበተች። መጀመሪያ ሻዩን ሞከረችበት፤ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ አድርጋ ስትቀዳ ሻዩ ስኒው ውስጥ ገባ። ስኒውን ይዛ ቤቱን ዞረች፤ ለማሳየት ከሸረሪት በቀር ሰው አልነበረም።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ጠዋት አክስቷ የሥራ ጫማዋን አድርጋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። እጇ ላይ የልብስ ጠመኔ ይዛለች።

«ያን ነጭ መስመር በምን ነበር ያሰመርሽው?»

«በኮድ።»

«እኔ ኮድ የለኝም፤ ጠመኔ አለኝ። በይ አስምሪልኝ። እንዳታጣምሚው ታዲያ።»

ሸረሪት በጉልበቷ እየሄደች ከላይ እስከ ታች የደረጃዎቹን ጠርዝ አሰመረች። አክስቷ ከላይ ሆና «ቀጥ አድርጊው፣ ቀጥ! ስፌት ቢሆን ይተረተርብሽ ነበር» ትላለች። ተሰምሮ ሲያልቅ ሸረሪት ታች ቆማ ጠበቀች። እጆቿ ለመደገፍ ሲፋጠኑባት ወደ ኋላዋ አድርጋ አንዱን በአንዱ ያዘቻቸው።

አክስቷ ብረቱን ጨበጠች። እንደ ርግብ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ አደረገች። አንድ እግሯን አወረደች። አገኘችው። ደግሞ ወዲያና ወዲህ፣ ደግሞ አንድ እግር። አንደኛውን መታጠፊያ ስትዞር ጡረተኛውን መምህር በራቸው ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ጭንቅላቷን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው፣ አሞሽ ነው እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ጋሼ። ራሴን እያንቀሳቀስኩ ነው።»

«ከዚህ በኋላ የምታንቀሳቅሽው እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ብቻ።»

«ተመስገን! ጣሪያዬ ሊያርፍ ነው» አሉና መንገድ ለቀቁላት።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቆመች። የወደቀችበት ነው። ጣቶቿ ብረቱ ላይ ነጡ። ጭንቅላቷን ወዲያ አደረገች፣ ወዲህ አደረገች፣ እንደገና ወዲያ። ሸረሪት ከኋላዋ የያዘችውን እጇን በጥፍሯ ልትበሳው ደርሳለች፤ አልተንቀሳቀሰችም። አክስቷ እግሯን አወረደች። ወለሉ ተቀበላት።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ እቴቴ።»

አክስቷ ብረቱን ለቀቀችና ወደ ስፌት ቤቷ በር አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ወረደ። «ባለ ሕንፃው ቁልፉን ሲቀበልሽ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

ሸረሪት ቦርሳዋን ከፍታ በቀይ ሱፍ ክር የታሰረውን ቁልፍ አወጣች።

«እሺ ብለሽኝ አልነበር እንዴ?»

«እሺማ ብያለሁ። ወሩ ግን እስከ ዛሬ ማታ አያልቅም።»

አክስቷ ቁልፉን ነጠቀቻት። ወደ በሩ ሄዳ የቁልፉን ቀዳዳ ወዲያና ወዲህ ብላ አየችው፤ አንዴ ሳተችው፣ በሁለተኛው ገባ። ስፌት ቤቱ እንደተወችው ነው። አቧራ ጠጥቷል፤ ያልተሰበሰበ ቁርጥራጭ ጨርቅ ወለሉ ላይ አለ፤ መኪናው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። አክስቷ ጨርቁን ገፈፈች፤ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ እጇን መኪናው ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ መርፌ ከመርፌ መሰኪያው ነቅላ ክር አነሣች። ክሩን ለማስገባት ሞከረች፤ ሳተች። ጭንቅላቷን ወዘወዘች፤ ሳተች። አሁንም ሳተች። እንደ ልማዷ ለሸረሪት አላቀበለችም። መርፌውንም ክሩንም ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ «ይህ ደግሞ ነገ ይደርሳል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ነገ የሚል ቃል ከተሰማ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

ሸረሪት በሩ አጠገብ ቆማ ታያት ነበር። ልጅ ሆና ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስታጣጥፍ፣ ጠፍጣፋው ነገር ከረጢት፣ ኮፍያ፣ የአሻንጉሊት ቀሚስ ሲሆን የተማረችው እዚሁ ነው። ሳይነገር የኖረው ምስጋና አፏ ላይ ደረሰ።

«እቴቴ» አለች።

አክስቷ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ሸረሪትም መልሱን ታውቀዋለች፤ «አትጫኚብኝ» እስክትባል ቆማ ጠበቀች። አክስቷ ግን ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች፤ ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ፣ ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ አደረገች፤ ልጅቷ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነች ልታይ።

«በይ ጫኚ» አለቻት። «ዛሬ ቦታ አለኝ።»

ሸረሪት ምስጋናዋን ከዚያ ከቀብሩ ቀን ሻንጣ ጀመረች።